የድርጅት ደንበኛ የማድረሻ አድራሻ፦ ማን ይጨምር? ማን ይቀይር?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ጅምላ ነጋዴዎች የኦንላይን ሱቅ እሠራለሁ። አንዱ የጽሕፈት መሣሪያ ያከፋፍላል፣ አንዱ የጽዳት ዕቃ፣ ሌላው ማሸጊያ። ሱቃቸው ተከፍቶ ወር ሳይሞላ ሁሉም ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይደውላሉ። "ደንበኛው አድራሻውን ቀይሮታል፤ አሁን ዕቃውን የት ልላክ?" በስልክ ስመልስ የከረምኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስለ ግለሰብ ደንበኛ አይደለም የምጽፈው። ግለሰብ ያዘዘውን ጫማ እናቱ ቤት ቢያስልክ መብቱ ነው። የማወራው በድርጅት ስም፣ በደረሰኝ፣ ብዙ ጊዜም በዱቤ ስለሚገዛ ደንበኛ ነው።

አድራሻ አድራሻ ነው። ፈቃድ ምን ያደርግለታል?

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። መጀመሪያ በሠራሁት ሱቅ ላይ የገባ ሁሉ አድራሻ መጨመርም መቀየርም ይችል ነበር። ደሴ ያለ አንድ ሆቴል በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳሙናና ሶፍት ያዝዛል። አንድ ቀን ግዢ ሠራተኛው ኮምቦልቻ እያስገነቡት ላለው ሕንፃ ትንሽ ዕቃ ፈለገ። አድራሻውን ከፍቶ ቀየረው። አዲስ አልጨመረም፤ የድሮው ላይ ነው የጻፈበት። ዕቃው ደረሰ፣ ነገሩም ተረሳ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሠራተኛ የተለመደውን ትዕዛዝ አስገባ። ደሴ መውረድ የነበረበት 40 ካርቶን ሳሙና በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ግንባታው ቦታ ላይ ተራገፈ። ጥበቃው ፈርሞ ተረከበ። ምን ያድርግ? ወረቀቱ ላይ ያለው የድርጅቱ ስም ነው። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ስንደርስ የላይኛው ካርቶን ፍትፍት ሆኗል።

ሆቴሉ "እኛ ሁልጊዜ ደሴ ነው የምንረከበው" አለ። ሻጩ "ሲስተሙ ኮምቦልቻ ይላል" አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዕቃ ማዘዝ አንድ ሥልጣን ነው፤ ዕቃው የት እንደሚራገፍ መወሰን ሌላ ሥልጣን ነው። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ አስሬ ለሁሉም አድዬ ነበር።

ታዲያ ለማን ምን ልፍቀድ?

ከደንበኛው ወገን ያሉትን ሰዎች በሥራቸው ለዩ። ግዢ ሠራተኛ ያዝዛል። ስቶር ኪፐር ይረከባል። ሒሳብ ክፍል ይከፍላል። ሥራ አስኪያጁ ወይም ባለቤቱ የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል።

እኔ የማስቀምጠው እንዲህ ነው። ግዢ ሠራተኛው ከተመዘገቡት አድራሻዎች አንዱን ይመርጣል እንጂ አዲስ አይጽፍም፤ ያለውንም አይነካም። አዲስ አድራሻ የሚያስገባው ሲስተሙ ላይ አስተዳዳሪ ተብሎ የተመዘገበው ሰው (ብዙ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ወይም ባለቤቱ) ብቻ ነው። ስቶር ኪፐሩ ቦታውን አይቀይርም። የተረካቢ ስልክና የመረከቢያ ሰዓት ቢያስተካክል ግን እፈቅዳለሁ፤ መጋዘኑ መቼ እንደሚከፈት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሒሳብ ክፍሉ ደረሰኙ ላይ የሚወጣውን አድራሻና ቲን ቁጥር ያያል። ዕቃው የት ይራገፍ የሚለው አያገባውም።

መሰረዝን ለማንም አልፈቅድም። አድራሻ አይሰረዝም፣ ይዘጋል። ከስድስት ወር በኋላ "ያ ጭነት የት ነበር የወረደው?" የሚል ሲመጣ ከተሰረዘ አድራሻ መልስ አይገኝም።

ደንበኛው ባለቤቱም ገዢውም ተረካቢውም አንድ ሰው የሆነበት ሱቅ ከሆነስ? ሁሉንም ፈቃድ ለእሱ ስጡት፤ ራሳችሁን አታድክሙ።

ደንበኛዬ ደሴም ኮምቦልቻም ቅርንጫፍ አለው። ሁለት አካውንት ልክፈትለት?

አይ። አንድ ድርጅት፣ ሁለት ቦታ አድርጋችሁ መዝግቡት። ወሎ ዩኒቨርሲቲን አስቡት። ደሴ ግቢ አለው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አለ። ተቋሙ አንድ ነው፤ ወረቀት የሚረከቡት ሰዎች ግን የተለያዩ ናቸው፣ በመካከላቸውም 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ሁለት አካውንት ከከፈታችሁ ዱቤው ለሁለት ይከፋፈላል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡን አንድ ላይ ማምጣት ጣጣ ነው።

ቦታ ሲባል አድራሻ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ገዢ፣ የራሱ ተረካቢ፣ የራሱ የክፍያ ውል፣ አንዳንዴም የራሱ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። የኮምቦልቻው ገዢ የኮምቦልቻን ቦታ ብቻ ካየ፣ ደሴን በስህተት የሚመርጥበት ዕድል የለም። በቃ። ግማሹ ችግር እዚህ ጋ ያልቃል።

ሾፒፋይ ላይ ይሄ እንዴት ይሠራል?

ሾፒፋይ የኦንላይን ሱቅ የሚከፈትበት አገልግሎት ነው። ለድርጅት ሽያጭ በሠራው ክፍል ውስጥ ነገሩ በሦስት ደረጃ ነው የሚሄደው፦ ድርጅት፣ የድርጅቱ ቦታ፣ ሰው። የማድረሻ አድራሻው የሚቀመጠው ሰውዬው ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ሰው ሲቀየር አድራሻው ይቆያል።

ሰውን ከቦታ ጋር ስታገናኙ ሁለት ዓይነት ፈቃድ ይመጣላችኋል። አንዱ ማዘዝ ብቻ ነው፤ ሰውዬው ያዝዛል፣ የራሱን ትዕዛዝ ያያል። ሌላው የቦታው አስተዳዳሪ ነው፤ በዚያ ቦታ ስም የገባውን ትዕዛዝ ሁሉ ያያል። አንድ ሰው ለደሴው ቦታ አስተዳዳሪ፣ ለኮምቦልቻው ማዘዝ ብቻ የሚችል ሊሆን ይችላል።

ቦታው ላይ ሌላም ማብሪያና ማጥፊያ አለ፦ ደንበኛው ለአንድ ጊዜ ብቻ ወደ ፈለገው አድራሻ ማስላክ ይችል ወይስ አይችል? እኔ ሁልጊዜ አጥፍቼ ነው የምጀምረው። ደንበኛው ሲጠይቅና ምክንያቱን ስሰማ አበራለታለሁ። ትዕዛዙ በቀጥታ ከመግባት ይልቅ በረቂቅ መልክ ለእናንተ እንዲመጣና አይታችሁ እንድታጸድቁት የማድረግ ምርጫም አለ። ለአዲስ የዱቤ ደንበኛ የመጀመሪያዎቹን ወራት በረቂቅ አሳልፉ።

የምጠቀመው ሌላ ነው። ዉኮመርስ ቢሆንስ?

የዎርድፕረስ ድረ ገጽን ሱቅ የሚያደርገው ዉኮመርስ ተጨማሪ ፕለጊን (ሥራ የሚጨምርለት ትንሽ ፕሮግራም) ካልተጫነበት ለአንድ ተጠቃሚ አንድ የደረሰኝ፣ አንድ የማድረሻ አድራሻ ነው የሚይዘው። ያንንም ተጠቃሚው ገብቶ እንደፈለገ ይቀይረዋል። ለድርጅት ሽያጭ ካሰባችሁት ብዙ አድራሻ የሚይዝና ሚና የሚለይ ፕለጊን ያስፈልጋችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ፈትሹ፦ አድራሻ መምረጥንና አድራሻ መቀየርን ለየብቻ ይፈቅዳል? ካልፈቀደ እለፉት።

ሌሎች የሱቅ ሶፍትዌሮችም አሉ። የቢግኮመርስ የድርጅት ሥሪት ሰዎችን አስተዳዳሪ፣ ከፍተኛ ገዢና ጀማሪ ገዢ ብሎ ይከፍላል፤ ጀማሪው ዝርዝሩን ያዘጋጃል እንጂ ግዢውን አይጨርስም። ማጀንቶ ደግሞ በድርጅት ሥሪቱ ላይ የደንበኛውን መዋቅር እንደ ዛፍ እየዘረጋችሁ ለየሰዉ ሚና እንድትሰጡ ያደርጋል። ጥሩ ነው፣ ግን ለአሥር ደንበኛ ማጀንቶ መትከል ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተሳቢ እንደመከራየት ነው።

የደንበኛዬ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ አካውንት ነው የሚገቡት። ችግር አለው?

አለው፤ ያውም ትልቁ። በአንድ አካውንት አምስት ሰው ከገባ ሁሉም አስተዳዳሪ ነው። ያወጣችሁት የፈቃድ ድንጋጌ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ለምን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ሾፒፋይ ላይ ለምሳሌ መግቢያው የይለፍ ቃል ሳይሆን በኢሜይል የሚመጣ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ነው። ብዙ ግዢ ሠራተኛ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በቴሌግራም ነው፤ ኢሜይሉን ከከፈተው ዓመት አልፎታል። ስለዚህ በባለቤቱ ኢሜይል ይመዘገባሉ። ኮዱ ባለቤቱ ስልክ ላይ ይመጣል። ባለቤቱ ሰርግ ቤት ቁጭ ብሎ "አራት... ሁለት... ዜሮ..." እያለ በስልክ ያስጽፋል። በዓይኔ አይቻለሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ደንበኛውን ስትመዘግቡ ሄዳችሁ እዚያው ቁጭ በሉ፣ ለግዢ ሠራተኛው ኢሜይል ክፈቱለት፣ ስልኩ ላይ ጫኑለት፣ አንድ ጊዜ ራሱ እንዲገባ አድርጉ። ሩብ ሰዓት ነው። ቡና ከተፈላ ግን እንግዲህ ሰዓቱን እኔ አላውቅም።

"ለዛሬ ብቻ ሌላ ቦታ ላኩልን" ሲሉኝስ?

ይህ ሐቀኛ ጥያቄ ነው፤ ሁሌ ይመጣል። ሆቴሉ ሐይቅ ላይ ስብሰባ አለበት፣ ተቋራጩ ሥራውን ኩታበር ጀምሯል። መከልከል ደንበኛ ማስኮረፍ ነው።

የአንድ ጊዜ አድራሻ ፍቀዱ፤ ግን ለዚያ ትዕዛዝ ብቻ ይያዝ፣ ከቋሚው ዝርዝር ውስጥ አይግባ። ከመጫናችሁ በፊት ለአስተዳዳሪው ደውሉ። ለጠያቂው አይደለም፤ ለአስተዳዳሪው። በቅጹ ላይ አዲስ ለተጻፈው ስልክም አይደለም፤ ውሉን ስትፈራረሙ ለተመዘገበው ስልክ ነው። ሌባ ቢሆን የራሱን ስልክ ጽፎ፣ ራሱ አንስቶ "አዎ፣ ላኩት" ይላችኋል።

ለዱቤ ደንበኛ ጣሪያ አብጁ። እስከዚህ ብር ድረስ በስልክ ማረጋገጫ፣ ከዚያ በላይ ማህተም ያለው ደብዳቤ። የብሩን መጠን እናንተ ታውቁታላችሁ። ቢጠፋ እንቅልፍ የማይነሳችሁ መጠን ይሁን።

የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የለንም። አድራሻውን በምን መልክ ላስጽፍ?

የውጭ አገር ሶፍትዌሮች ሁሉ መንገድ፣ ቁጥርና ፖስታ ኮድ ይጠይቃሉ። የእኛ ሰው ደግሞ "ቧንቧ ውሃ" ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ቧንቧ ውሃ የት? አንድ ሙሉ ሰፈር እኮ ነው። ሾፌሩ እዚያ ደርሶ ነው ስልክ መደወል የሚጀምረው። ስልኩ ደግሞ ዝግ ነው።

ስለዚህ ቅጹን ለራሳችን አድርጋችሁ ቀይሩት። አንድ ደንበኛ የሞላውን አስታውሳለሁ፣ እንደ ምሳሌ ይሁናችሁ፦ "ደሴ፣ ሆጤ። ከአስፋልቱ በኮብልስቶኑ ወደ ላይ፣ በስተግራ ሁለተኛው ሰማያዊ የብረት በር። አይሱዙ አይገባም፤ ባጃጅ ይገባል። መጋዘኑ ከኋላ ነው። አርብ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ሰው የለም።" ከዚህ የተሻለ አድራሻ አላየሁም። ስለ መኪናው የጻፈው ብቻ ስንት ጣጣ አድኖናል። ሙሉ ጭነት ይዞ ጠባብ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚመለስ አይሱዙ ያየ ሰው ይገባዋል።

የአርቡን ነገር አትናቁት። ጁምአ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ይዘጋል። መሥሪያ ቤቶችም አርብ ምሳቸው ሰፊ ነው። ዕቃ ጭኖ በር ላይ የሚጠብቅ መኪና በሰዓት ነው የሚያስከፍለው።

ከጽሑፉ ጋር የጎግል ማፕ ነጥብ አስጨምሩ። ፕላስ ኮድ የሚባለውም ይሠራል፤ መንገዱ ስም ባይኖረውም ለቦታው አጭር ኮድ ይሰጣል፣ ከከተማው ስም ጋር ከተጻፈ ካርታው ያገኘዋል። ነጥቡ ግን በሩ ላይ ቆሞ የተወሰደ ይሁን። ቢሮ ቁጭ ብሎ በግምት የተነካ ነጥብ ከምንም አይሻልም።

ሌላው ጫኝና አውራጅ ነው። ማውረጃውን ማን ይከፍላል? እናንተ ወይስ ተረካቢው? ይሄ በአድራሻው ሥር ይጻፍ። አድራሻ ሲቀየር አውራጁም ዋጋውም ይቀየራል፤ ጭቅጭቁ የሚነሳው ዕቃው ግማሽ ወርዶ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ወይም ሌላ በር ያለው ግቢ ውስጥ ላለ ደንበኛ ደግሞ የሼዱን ቁጥርና በር ላይ የሚጠራውን ሰው ስም አስገዳጅ አድርጉት። "ፓርኩ ውስጥ" ብቻ ተጽፎ የመጣ ትዕዛዝ በር ላይ ነው የሚያድረው።

ዕቃው ተጭኖ መንገድ ላይ እያለ አድራሻ ይቀየር ቢሉኝስ?

ሲስተሙ ላይ፣ ትዕዛዙ "ተጭኗል" ከተባለ በኋላ የማድረሻ አድራሻው ይቆለፍ። ከዚያ በኋላ ያለው ለውጥ በእናንተ በኩል ብቻ ነው የሚያልፈው።

ደንበኛ ለሾፌሩ ደውሎ "ኮምቦልቻ አውርደው" ማለት ይወዳል። ሾፌሩም ሰው ነው፣ እሺ ይላል። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ሁለት መኪና ርቀት እንኳ አይታይም፤ በዚያ መሃል በስልክ የተነገረ አዲስ አድራሻ ማን በትክክል ይሰማል? ለሾፌሮቻችሁ አንድ ሕግ ስጡ። ከቢሮ ካልተደወለ በስተቀር ወረቀቱ ላይ ያለው ቦታ ነው። ሾፌሩ ራሱ ይወደዋል፤ ከጭቅጭቅ ያድነዋል።

ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው የትኛው አድራሻ ነው?

የማድረሻው አይደለም። ደረሰኙ ላይ የሚወጣው የተመዘገበው የድርጅቱ ስም፣ አድራሻና ቲን ነው። ዕቃው ኮምቦልቻ ቢወርድም ድርጅቱ በደሴ አድራሻ ከተመዘገበ ደረሰኙ የደሴውን ይይዛል። የደረሰኝ አድራሻን ለማንም ገዢ አትክፈቱ። ተሳስቶ የወጣ የቫት ደረሰኝ ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው፤ 15 በመቶው ደንበኛው የሚያቀናንሰው ነገር ስለሆነ ዝም ብሎ አያልፍም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንበኛ ሲሆን የሚለይ ነገር አለ?

አለ። እዚያ ዕቃ ገባ የሚባለው ግምጃ ቤት ገብቶ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሲቆረጥለት ነው። ሞዴል 19 ከሌለ ክፍያ የለም። ስለዚህ የማድረሻ አድራሻው ግምጃ ቤቱ ይሁን፤ ተረካቢውም ንብረት ክፍሉ። ዕቃውን የፈለገው ቡድን መሪ "ቀጥታ እኔ ቢሮ አምጡልኝ" ሊል ይችላል። አክብራችሁ እንቢ በሉ። አምጥታችሁለት፣ ተጠቅሞበት፣ ክፍያ ስትጠይቁ "ሞዴሉ የታለ?" ነው የምትባሉት።

ግዢ ሠራተኛው ሥራ ለቀቀ። ምን ላድርግ?

በዚያው ቀን አካውንቱን ዝጉ። የከፈተውን የአንድ ጊዜ አድራሻ ፈትሹ፤ ያልተጫነ ትዕዛዝ ካለ አስተዳዳሪውን ጠይቁ። ችግሩ መልቀቁን ማን ይነግራችኋል? አብዛኛው ድርጅት አይናገርም። እኔ በየሦስት ወሩ ለአስተዳዳሪው ዝርዝር እልካለሁ፦ "እነዚህ ሰዎች በስማችሁ ያዝዛሉ፣ እነዚህ አድራሻዎች ክፍት ናቸው፤ ልክ ነው?" አንድ ጊዜ "ይሄ ልጅ እኮ ዱባይ ከሄደ ቆየ" የሚል መልስ መጥቶልኛል።

ደንበኛዬ ድረ ገጹን ትቶ በቴሌግራም ነው የሚያዝዘኝ። ይሄ ሁሉ ለእሱ ይሠራል?

ይሠራል፤ ትዕዛዙን እናንተ ሲስተሙ ላይ በስሙ ካስገባችሁለት። ሕጉ አይቀየርም፦ የተመዘገበ አድራሻ ከሆነ ይሄዳል፣ ካልሆነ ለአስተዳዳሪው ይደወላል። መልእክቱን አታጥፉት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። በድምፅ የተላከ ከሆነ ግን በጽሑፍ ድገሙለትና "ልክ ነው?" በሉት። "አዎ" የምትለዋ አንዲት ቃል ትበቃለች።

የተረካቢዎችን ስምና ስልክ መያዜ ችግር ያመጣል?

አያያዙ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው ስልክ መያዝ እንደ ድሮው ዝም ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ለማድረስ የሚያስፈልገውን ብቻ ያዙ። የአንዱን ቅርንጫፍ ስቶር ኪፐር ስልክ የሌላው ቅርንጫፍ ገዢ ማየት የለበትም። ለሾፌሩም የዕለቱን ጭነት ብቻ ስጡት፣ ሙሉ ዝርዝሩን አይደለም።

ይሄን ሁሉ ካጠበቅሁ ደንበኛ አይሸሽም?

አብሽሩ። የሚሸሽ ካለ መጀመሪያውኑ ለምን እንደሚሸሽ አስቡ። ከባለቤቶቹ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። "በእናንተ ሠራተኛ እጅ አዲስ አድራሻ አይገባም፣ መጀመሪያ እርስዎን እንጠይቃለን" ስትሉት ባለቤቱ ደስ ይለዋል። የሚያጉረመርመው ግዢ ሠራተኛው ነው፤ እሱም ሁለት ሳምንት ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። በዱቤ ብዙ የሚወስዱ አምስት ደንበኞቻችሁን ያዙ። አድራሻቸውን ክፈቱና አንድ በአንድ ደውላችሁ "አሁንም እዚህ ነው የምትረከቡት?" በሉ። ከአምስቱ ቢያንስ የአንዱ ስህተት ሆኖ ታገኙታላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

የዚያ ሳሙና ነገር እንዴት ሆነ?

ይሄንንም ይጠይቁኛል። ከ40ው ካርቶን ያልራሰው ተለይቶ ወደ ደሴ ተመለሰ። መመለሻውን ሻጩና ሆቴሉ ተካፈሉት። የራሰውን እኔ በግማሽ ዋጋ ወሰድኩት። ቤታችን እስካሁን በእሱ ነው የሚታጠበው።